ማንም የማይመጣበት ትዕይንት

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ሴት መሆኔን እያዩ ካሜራማን ይሉኛል፤ እኔም ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። አዳማ ላይ ድንኳን ከተተከለ፣ መቂም ሆነ ሁሩታ ሙሽራ ከወጣች፣ ከሚዜዎቹ ፊት ላብ በላብ ሆና ወደ ኋላ እየሄደች የምትቀርጽ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። የሰርግ ካሜራ አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ሁሉንም ማሳየት። መብራቱን ቦግ አድርገሽ ከጥግ እስከ ጥግ ትቀርጫለሽ። አንዲት አክስት ከቀረችብሽ አበቃልሽ። ቪዲዮው በወጣ ማግስት ደውላ "ለመሆኑ እኔን ምን ብትጠዪኝ ነው?" ትላለች፣ አይታሽ የማታውቅ ሴትዮ።

ልብ አንጠልጣይ ፊልም የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ ካሜራው ይደብቃል። የገዳዩን ጫማ ታሳያለሽ እንጂ ፊቱን አታሳይም። ሴትዮዋ ሳህን ስታጥብ ከጀርባዋ ባዶ ቦታ ትተዪላታለሽ፤ ማንም ሳይኖርበት ተመልካቹ ራሱ ሰው ያቆምበታል። ሙዚቃውን ታጠፊና የቧንቧዋን ጠብታ ብቻ ታሰሚያለሽ። ስልኳ ኔትወርክ እንዲያጣ ታደርጊያለሽ፤ ይሄ እንኳ እኛ አገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የለም። በዐቢይ ጾም ሰርግ ሲጠፋ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፊልም አያለሁ፤ የደነገጥኩበት ቦታ ስደርስ ወደ ኋላ መልሼ እንዴት እንዳስደነገጡኝ እመረምራለሁ። መደንገጥ ወድጄ አይደለም። ከሰርግ መጥተሽ በር ስትዘጊ ያ ሁሉ እልልታ ጆሮሽ ላይ ይቀራል፣ ቤቱ ግን ጭር ይላል። የሆነ ነገር መክፈት ነበረብኝ።

ብቻዬን መኖር የጀመርኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ያደግሁት ብዙ ቤተሰብ በአንድ የውጭ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። ምን ሠራሽ፣ ማን ሸኘሽ፣ ዛሬ ደግሞ ለምን ከሳሽ፣ መቼ ነው የምታገቢው! በር ከዘጋሽ ይንኳኳል፤ ካልከፈትሽ "አሟት ይሆን?" ተብሎ ይገፋል። አንገሸገሸኝ። እናቴ ካረፈች በኋላማ "እንዴት ነሽ፣ ቻይው" የሚለኝ ሰው አላባራ ሲል ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ የብረት በር፣ ቁልፉ በእጄ። መጀመሪያ ሰሞን ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። እስኪበቃኝ እተኛለሁ፤ "ተነሺ እንጂ አንቺ ልጅ" የሚለኝ የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሻወር ቤት አዳለጠኝ። ጭንቅላቴ ከግድግዳው ተጋጨ፤ ሴራሚኩ ላይ ተዘርሬ ልነሳ ብል ሰውነቴ እምቢ አለኝ። ከላይ ቤት ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። ልጮህ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያፈርኩ መሰለኝ። ኧረ ማፈርም አይደለም፤ ጮኼ ማንም ባይመጣስ ብዬ ነው። እሱ ከመውደቄ ይልቅ አስፈራኝ። እንደምንም ግድግዳ ይዤ ተነሳሁ፤ ከእብጠት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ቅዳሜ ሰርግ ቀረጽኩ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ብጮህ የሚመጣልኝ አለ? ጎኔን ሳሳርፍ እሱ፣ በሬን ስቆልፍ እሱ።

ፊልሙን የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ታሪኩ አጭር ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት አለች፣ የሚከታተላት ሰው አለ፣ መጨረሻ ላይ ትጮሃለች፣ ማንም አይመጣም። ሌላው ሁሉ ለዚያች ትዕይንት መደላድል ነው። ትዕይንቷ ሳትቆረጥ በአንድ ትንፋሽ እንድትቀረጽ ፈለግሁ፤ ካሜራው ከልጅቷ ፊት ይነሳል፣ ኡኡታውን እዚያው ትቶ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ በበሩ ይወጣል፣ የተዘጉትን የጎረቤት በሮች እያሳየ ይርቃል። ከተቆረጠ ተመልካቹ "አታለሉኝ" ብሎ ይዝናናል። ካልተቆረጠ ግን እሱም ትቷት ከሸሸው ካሜራ ጋር አብሮ ይሸሻል።

ሦስት ሆነን ነው የሠራነው። ተዋናይቷ ዱከም ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የምታርፈው እሑድ ብቻ ስለሆነ በሚኒባስ ትመጣልኛለች። ገዳዩ ደግሞ የጴንጤ ዘማሪ ነው፣ በአዘቦት ቀን የሒሳብ መምህር። እሑድ ከአምልኮ ሳይወጣ ቀረጻ ንክች አያደርግም። ቁመቱ በር ይሞላል፤ ድምፁን ስትሰሙት ግን ታዝኑለታላችሁ። ከእያንዳንዷ የማነቅ ትዕይንት በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። "ምን ብለህ ነው?" ብለው "እንዳላሳምማት" አለኝ። ወይ የኔ ገዳይ! ካሜራ ውስጥ በማይገባበት ጊዜ ማይክራፎን የሚይዘውም እሱ ነበር።

ክትትሉን የቀረጽነው በባጃጅ ነው። ባለ ሀብቶቹ ካሜራቸውን በሐዲድ ያስኬዳሉ አሉ። እኛ ባጃጅ ይዘን፣ ድምፁ እንዳይገባ ሞተሩን አጥፍተን፣ ሹፌሩና ገዳዩ ከኋላ እየገፉ፣ እኔ ከፊት በሆዴ ተኝቼ የልጅቷን ተረከዝ በገዳዩ ዓይን እከተላለሁ። ሐሳቡ ቀስ እያለ እንዲቀርባት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የናዝሬት ሰው የቆመ ባጃጅ አይቶ አያልፍም! "ሞተር እምቢ አላቸው" ብሎ ያገኘው ሁሉ ትከሻውን ሰጠ። "ኧረ ቀስ! ኧረ በፈጠራችሁ ተዉን!" እያልኩ ልጅቷን ልንገጫት ትንሽ ቀረን። ስንቆም አንዱ ላቡን እየጠረገ "ካንዴላውን ለመካኒክ አሳዩት" ብሎን ሄደ።

ሌሊቱንም የምንሠራው በቀን ነው። መስኮት ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ አንዲት አምፖል ከጎኗ አድርገን፣ የፊቷን ግማሽ ብቻ እናበራለን። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልት ታቀልጣለች፣ ውስጥ እኩለ ሌሊት ነው።

ለኡኡታው መጀመሪያ የሄድነው ወደ ድሮው ግቢያችን ነበር። እኔና እናቴ የነበርንበት ቤት ተከራይ አልገባበትም። በየበሩ ዞሬ "ፊልም ነው፣ ልጅቷ ትጮሃለች፣ አደራ እንዳትወጡ" አልኩ። ሁሉም "እሺ የኔ ልጅ፣ ምን ገዶን" አሉ። ብርድ ልብሱን ሰቀልን፣ ገዳዩ ጸለየ፣ ካሜራዬን አነሳሁ። ልጅቷ "ኡኡ! የሰው ያለህ!" ብላ ለቀቀችው። ጸጉሬ ቆመ፤ እንዲህ አድርጋ ትጮሃለች ብዬ አላሰብኩም።

ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ እንኳ ሳልራመድ በሩ ተበርግዶ ጀርባዬን መታኝ። ጎረቤታችን ነበሩ፣ እናቴን አብረውኝ ያስታመሙ የወሎ ሴት፤ ማማሰያቸውን እንደያዙ ገቡ። ከኋላቸው የግቢው በር ላይ ያለውን ሱቁን ክፍት ጥሎ የመጣ የአርሲ ልጅ ገዳዩን በአንገትጌው አንቆ ከግድግዳ አጣበቀው። "ወንድሜ፣ መምህር ነኝ! ጌታ ይባርክህ፣ መምህር ነኝ!" ይላል ገዳዬ።

"እትዬ፣ ነግሬዎት አልነበረም እንዴ?" አልኳቸው፣ ንዴቴን እየዋጥኩ።

"ነግረሽኛል።"

"ታዲያ?"

"እኔማ አውቃለሁ ልጄ። እግሬ ነው ያላወቀ።"

ደገምነው። ደግመው መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንጀምር "ወላሂ አሁንስ አልነሳም" ብለው ማሉልኝ። ካሜራዬ በሩን አልፎ ሲወጣ ግን ደጃፉ ላይ፣ ከነሻሻቸው፣ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። "አልገባም፣ አልገባም። ደህና መሆኗን ብቻ ልይ" አሉኝ፣ ሌንሴን እያዩ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። "እንደዚህ እያደረጋችሁኝ እኮ ነው የወጣሁት!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። "ኡኡ እየተባለ መቀመጥ ነውር ነው፣ ፊልምም ቢሆን። ዛሬ ለፊልሙ ከተቀመጥኩ እግሬ መቀመጥ ይለምዳል፣ ነገ ለእውነተኛው በምኔ ልነሳ?" አሉኝ። ቀጥለውም "አብሽሪ፣ ምሳ በልታችኋል?" ብለው ጠየቁ። ብንበላም አልለቀቁንም።

በሚቀጥለው እሑድ ዓለም ጤና ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄድን። የተዋናይቷ አጎት የሽንኩርት እርሻ አለው፤ ማሳው መሐል የውኃ ፓምፕ የሚቀመጥባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት ያለችው። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ እስከ አድማስ ሽንኩርት ብቻ ነው። "እግዜር ይመስገን፣ እዚህ ማን ይመጣል!" አልኩ። ልጅቷ ጮኸች። ካሜራዬ ከበሩ ወጣ። ከየፈሩ አጎንብሰው ውኃ የሚመልሱ ሰዎች ከሽንኩርቱ መሐል ብድግ ብድግ አሉ፤ አካፋቸውን እንደያዙ "ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?" እያሉ በአራቱም ማዕዘን መጡብን። ገዳዩ ያለፈው ሳምንት ትዝ ብሎት ከፓምፑ ኋላ ተደበቀ። ነገሩን ካስረዳናቸው በኋላ ሳቁ፣ የተቀረጸውን አሳዩን አሉ፣ መሸከም እስኪያቅተን ሽንኩርት ሰጡን። ወደ ቤት የተመለስነው ሽንኩርት ይዘን ነው፤ ትዕይንቷን አልያዝንም።

ጩኸቱን ለብቻው ቀድተን በኋላ ላይ ለማልበስም ሞከርን። አልሆነም። አፏን ከፍታ ድምፅ ካላወጣች የአንገቷ ሥር አይገተርም፤ ዓይኗም ይዋሻል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም ያችን ትዕይንት አለቅም አልኩ።

"ያንቺ ቤትስ?" አለችኝ ተዋናይቷ።

"ጠባብ ነው።"

"ጠባብ ቢሆን ይሻላል፣ መፈናፈኛ ያጣሁ እመስላለሁ።"

"መብራቱ አይመችም።"

"ብርድ ልብስ አይደል እንዴ የምንሰቅለው?"

ኮሪደሩ ያስተጋባል አልኩ፣ ሕንጻው ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ ያስፈልጋል አልኩ፣ ያልቀባጠርኩት የለም። ፈርቼ ነው። በግቢው እንደሚመጡ ነፍሴ ታውቅ ነበር፣ በእርሻውም ቢመጡ አልደነቀኝም። የራሴን በር ግን አላውቀውም። በመጨረሻ ሰበብ አለቀብኝና እሺ አልኩ።

የነገርኩት ለዘበኛው ብቻ ነው፣ ሮጦ እንዳይመጣ። ለጎረቤቶቼ ትንፍሽ አላልኩም። ለፊልሙ ብዬ ነው አልኳቸው ለሁለቱ፤ ውሸቴን ነው። ማወቅ ፈልጌ ነው።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ሕንጻው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በየበሩ ጫማ ተደርድሯል፣ ከፊት ለፊቴ ቤት ኳስ የሚያስተላልፍ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ ከታች ሕፃን ይነጫነጫል፣ አንዱ ቤት ሽንኩርት ይቁላላል። ገዳዩ ጸለየ። ልጅቷ ከግቢው ይዣት በመጣሁት፣ እናቴን ባስታመምኩባት ወንበር አጠገብ ቆመች። "ጀምሪ" አልኩ።

"ኡኡ! የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!"

ከፊቷ ተነሳሁ። በበሬ ወደ ኋላ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ነኝ። የመጀመሪያው በር ዝግ ነው። ሁለተኛው ዝግ ነው። ልጅቷ አሁንም ትጮሃለች፣ ድምፅዋ ሊሰነጠቅ ነው። በጆሮዬ ማዳመጫ ኳሱን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ይሰማኛል፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ጠፋ። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን ቀንሶ እየሰማ ነው። አሁን ይከፈታል አልኩ። አልተከፈተም። ደረጃው ጫፍ ደረስኩ፣ ትዕይንቷ የምታልቀው እዚያ ነበር፤ እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። ካሜራውን ይዤ ቀረሁ። ያን ያህል የለፋሁላት ትዕይንት ትበላሽብኝ እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። አንድ በር፣ አንድ ብቻ! ማማሰያ የያዘች ሴት ትምጣና ታበላሽብኝ!

ልጅቷ ትንፋሽዋ አልቆ ዝም አለች። ሕንጻውም ዝም አለ።

"ወጣ?" አለችኝ ስመለስ።

"ወጣ።"

እልል አለች፤ ገዳዩ "ሃሌ ሉያ!" ብሎ አጨበጨበ፣ ተቃቀፉ፣ እኔንም አቀፉኝ። በትንሿ ስክሪን ደጋግመው አዩዋት። እውነትም ግሩም ነበረች። ከቀረጽኩት ሁሉ እንደሷ የሚያስፈራ የለም። "ሰው ግን የለም እንዴ እዚህ ሕንጻ ላይ?" አለች ልጅቷ። "ሞልቷል" አልኳት። የዱከም ሚኒባስ ሳይሄድባት ብላ ቸኩላ ወረደች፣ እሱም ተከትሏት ሄደ።

ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረድኩ። ገና ፀሐይ ነበር። ማዳመጫዬን አድርጌ ያችን ቴሌቪዥኑ የቀነሰበትን ቦታ እየመለስኩ ሰማሁ። ባይሰሙኝ ኖሮ ደግ ነበር፤ አልሰሙም እላለሁ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው እላለሁ። ሰምተዋል። በደንብ ለመስማት ብለው ቀንሰውታል። ተናደድኩ፣ ረገምኩ፣ ማንን እንደምረግም እንኳ አላውቅም። ከዚያ ንዴቱ አለፈ፤ እንደዚያ ቀን ግን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ ግቢው ሙሉ ሰው አብሮኝ ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ከፊት ለፊት ያለው በር ገርበብ አለ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ "እንዴት ዋልሽ" ተባብለን የምናልፍ ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዓይኗ አብጧል። በሩን ሰንሰለቱ እስከሚፈቅደው ድረስ ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ደህና ነሽ?" አለች።

"ደህና ነኝ።"

"ትናንት…"

"ፊልም ነው" አልኩ በደረቁ። "ፊልም እየቀረጽን ነበር።"

"ፊልም?" ሰንሰለቱን ፈታ ወጣች። ልትስቅ አለችና ፊቷ ተበላሸ። "በስመ አብ! እኔኮ አረዱሽ ብዬ! ልጆቹን መኝታ ቤት ከትቼ ቆለፍኩባቸው። ቴሌቪዥኑን ቀንሼ በሩ ሥር ቆምኩ። ከዚያ ዝም ሲል ማጨብጨብ ሰማሁ። ሰው ገድለው የሚያጨበጭቡ ናቸው ብዬ ቁም ሳጥኑን ገፍቼ በሩ ላይ አስጠጋሁት። ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት።"

ልስቅ ይገባኝ ነበር። "ለምን አልወጣሽም?" አልኳት። ድምፄ የትልቅ ሰው ሳይሆን የልጅ ሆኖ ወጣ።

"ብቻዬን ነኛ። ሁለት ልጅ ይዤ በምን አቅሜ?" አለች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ "ልጣራ ብዬ ነበር እኮ። ድምፄን ብትሰማ ሰው እንዳለ ታውቃለች፣ እነሱም ሰው እንዳለ ያውቃሉ ብዬ። ግን ማን ብዬ ልጣራ? ይሄን ያህል ጊዜ ፊት ለፊት እየኖርን ስምሽን አላውቀውም" አለችኝ።

ነገርኳት።

ወደ ውስጥ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ባለችበት ቆማ ስሜን ጮክ አድርጋ ጠራችው፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው። ወደዚያ ሕንጻ ከገባሁ ወዲህ ስሜ እዚያ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። አቤት ማለት አቃተኝ፤ በሬ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።